የሕዝብ በዓላት በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፦ ሕጉ፣ ታሪኩና አከባበሩ

የሕዝብ በዓል በሕግ ተለይቶ የተደነገገ፣ በመላ አገሪቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መደበኛ አገልግሎት የማይሰጡበትና የወር ደመወዝተኛ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቀነስበት የሚያርፍበት ቀን ነው። ሕጉ ቀኑን ይወስናል፤ ቀኑ ለማን ምን ማለት እንደሆነ ግን አይወስንም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ተናጋሪው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛውና የመንግሥት ሠራተኛው ተጎራብተው በሚኖሩባት በጭሮ ከተማ ይህ በየዓመቱ ይታያል። መሥሪያ ቤቱ ለሁሉም በአንድ ቀን ይዘጋል። በየቤቱ የሚሆነው ግን ይለያያል፦ አንዱ ያርዳል፣ ሌላው የጎረቤቱን በዓል ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ይውላል።

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ በኦሮሚያ ክልል የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። የዞኑ ሌሎች ከተሞች ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ መቻራ፣ ሚኤሶና አሰቦት ናቸው። የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን በከተሞቹ የኦርቶዶክስና የሌሎች እምነቶች ተከታዮች በብዛት ይኖራሉ።

ቀኖቹ

ቀናቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቆረጠ በዓላት መስከረም 1 ቀን የሚውለው የዘመን መለወጫ፣ መስከረም 17 ቀን መስቀል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል፣ ሚያዝያ 23 ቀን የሠራተኞች ቀን እና ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች ድል ናቸው። ገና በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ስቅለትና ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ስለሚወጡ በየዓመቱ ቀናቸው ይለወጣል።

ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐ (ዐረፋ) እና መውሊድ በሒጅራ አቆጣጠር የሚከበሩ ናቸው። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በዓላቱ በየዓመቱ ወደኋላ እየተሳቡ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳሉ። በዚህም ምክንያት ዒድ በጨርጨር አንድ ዘመን በክረምት ጭቃ፣ ሌላ ዘመን በበጋ አቧራ ይከበራል። የዒድ አልፈጥር ዕለት ጨረቃ በመታየቷ የሚታወቅ ሲሆን በዋዜማው ምሽት በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ይገለጻል። በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ የታተመው ቀን ግምት በመሆኑ በአንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል፤ ከገጠር ቀበሌ ለጉዳይ ወደ ጭሮ የሚመጣ ሰው ይህን ባለማወቅ በተዘጋ በር ፊት የሚቆምበት ጊዜ አለ።

ከዝርዝሩ ውጭ ሆነው አካባቢውን የሚያነቃንቁ ቀኖችም አሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በሕግ የሕዝብ በዓል አይደለም። ቁልቢ የሚገኘውም በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ነገር ግን ከመሀል አገር በመኪናና በእግር የሚጓዘው ምእመን የሚያልፈው በጭሮና በሂርና በኩል በመሆኑ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ መናኸሪያዎች ይጨናነቃሉ። የተጓዡን ጥም የሚቆርጡት፣ ማረፊያም የሚያሳዩት የየከተማው ነዋሪዎች ደግሞ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው።

ዝርዝሩ እንዴት እዚህ ደረሰ

የሙስሊም በዓላት ሁልጊዜ የሕዝብ በዓላት አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር፤ የበዓላቱም ዝርዝር ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነበር። በጨርጨር የሚኖር ሙስሊም መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በጥምቀት ዕለት ያርፋል። ዐረፋ በሥራ ቀን ሲውል ግን ከልጆቹ ጋር ለመዋል የአለቃውን ፈቃድ መለመን ነበረበት። ከሕዝቡ የሚበዛው ሙስሊም በሆነበት አውራጃ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ የወጣበት ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። ሙስሊሞች የዜግነት እኩልነት እንዲከበርላቸው ጠየቁ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓላቶቻቸው በሕግ እንዲታወቁ የሚል ነበር። በሰልፉ ላይ ክርስቲያኖችም ተሳትፈዋል። ይህ ከታሪክ መጻሕፍት ይልቅ በሰዎች ትውስታ ውስጥ የቆየ፣ ሊዘነጋ የማይገባው ነጥብ ነው። መንግሥት በተለወጠ በወራት ጊዜ ውስጥ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በብሔራዊ በዓልነት ታወቁ። የዚያ ዘመን ሰዎች በዕድሜ የገፉ ቢሆኑም በየከተማው አሉ። ለእነርሱ በዒድ ዕለት የመሥሪያ ቤት በር ተዘግቶ ማየት ተራ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ለተወለደው ግን ዒድ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል።

ሌሎች በዓላት ከመንግሥታት ጋር መጥተው ከመንግሥታት ጋር ሄደዋል። ሐምሌ 16 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል፣ ጥቅምት 23 ቀን የዘውድ በዓል ነበር። በደርግ ዘመን መስከረም 2 ቀን የአብዮት በዓል ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ደግሞ ግንቦት 20 ለብዙ ዓመታት ይከበር ነበር። ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ ያለፈው ዓድዋ ነው። የአርበኞች ድልም አልፏል፤ እርሱ ግን ቀኑን እየለወጠ ነው።

ሚያዝያ 27 እና የከተማዋ ሦስት ስሞች

ጭሮ በዘመናዊ አስተዳደር ማዕከልነት የተደራጀችው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁና በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። ጨርጨርን ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ለማድረግ ጥረዋል። ከተማዋ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለች። ጣሊያኖች ሲይዟት የልዑሉን ስም አውጥተው አስባ ሊቶሪያ አሏት። ከነፃነት በኋላ የቀድሞ ስሟ ተመለሰ፤ ዛሬ በይፋ የምትጠራው ጭሮ በሚለው የኦሮምኛ ስሟ ነው። ሽማግሌዎችና የረጅም መንገድ ሾፌሮች ግን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ሲሉ ይሰማሉ።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 17 ቀን ሐረር ከጣሊያን እጅ ወጣች። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በእንግሊዞች የሚመራው ሠራዊት፣ የምሥራቅ አፍሪካና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት፣ የጨርጨርን አካባቢ አቋርጦ አዋሽን ተሻገረ፤ መጋቢት 28 ቀንም አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል መጥተው መናገሻ ከተማቸው የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ዕለቱ ጣሊያኖች አዲስ አበባን ከያዙ ልክ አምስት ዓመት የሞላበት ነበር። የደርግ መንግሥት የድሉን በዓል ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ለይቶ በመጋቢት 28 ያከብር ነበር፤ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። ቀን መምረጥ የማን ድካም አስቀድሞ እንደሚታወስ መምረጥ ጭምር ነው። የጦሩን መንገድ ለሚያውቅ የጨርጨር ሰው መጋቢት 28 በደጁ ያለፈ ነገር ነው። በዱር በገደል ላለፈ አርበኛ ቤተሰብ ደግሞ ሚያዝያ 27 የአምስት ዓመት ደም ዋጋ ማሳረጊያ ነው።

ዓድዋና ጨለንቆ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል የመላ ኢትዮጵያውያን ድል ነው፤ ከጥቁር ሕዝቦችም ብዙዎች የራሳቸው ድል አድርገው ያዩታል። ሐረርጌ በዚህ ድል ውስጥ ሰፊ ድርሻ አላት። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን ከአምባላጌና ከመቀሌ ውጊያዎች ጀምሮ እስከ ዓድዋ ጦራቸውን መርተዋል።

ይሁን እንጂ በሐረርጌ የካቲት 23 ሲነሳ በብዙ ቤቶች ሌላ የጦር ሜዳም አብሮ ይነሳል። ከዓድዋ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ጦር በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የጨርጨር ኢቱ ኦሮሞዎች በዚሁ የሸዋ ጦር ተወግተው ነበር። ከዚህ በኋላ መሬት ከባለቤቱ ወደ መልከኛና ወደ ነፍጠኛ እጅ የተዛወረበት ታሪክ በብዙ የገጠር ቤተሰቦች ዘንድ በስም እየተጠራ ይነገራል። በአንጻሩ ወደ አካባቢው መጥተው በከተሞች የተተከሉት ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ዓድዋን የሚያውቁት አያታቸው ይዘውት በተመለሱት ጋሻና ጦር ነው። ሁለቱም ዛሬ የጭሮ ተወላጆች ናቸው፤ ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ይማራሉ።

በበዓሉ ዕለት የሚዘጋጁ የትምህርት ቤትና የአደባባይ መርሐ ግብሮች ይህን ጠንቅቀው ቢያውቁ ይመረጣል። ዓድዋን ለማክበር ጨለንቆን መካድ፣ ጨለንቆን ለማስታወስም ዓድዋን ማሳነስ አያስፈልግም። በወረራ ጊዜ ወደ ሰሜን የዘመተው ከየብሔረሰቡ የተውጣጣ ጦር ነበር፤ ኦሮሞ ፈረሰኞችም የዚሁ ጦር አካል ነበሩ። በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተሰየመው በኢቱ ኦሮሞ የጥንት የገዳ መሰብሰቢያ በኦዳ ቡልቱም ሲሆን፣ የአካባቢው ታሪክ ከዘመቻዎቹ የሚቀድም መሆኑን ስሙ ራሱ ያስታውሳል።

አንድ የሚያዝያ ወር

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት የሕዝብ በዓላት ዋሉ። ሚያዝያ 14 ዓርብ ስቅለት፣ ሚያዝያ 16 እሑድ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 23 እሑድ የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 24 ሰኞ ዒድ አልፈጥር፣ ሚያዝያ 27 ሐሙስ የአርበኞች ድል ነበሩ። ከዚያ በፊት የዐቢይ ጾምና ረመዳን ለሦስት ሳምንታት ተደራርበው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ቀን ቀን ሥጋ ቤቱም ምግብ ቤቱም ጭር ይላል። የሙስሊሙ ቤት በመግሪብ ለማፍጠር ሲዘጋጅ የክርስቲያኑ ቤት ከቅዳሴ መልስ የጾም ወጡን ያቀርባል። ሁለቱም ጾመኛ በመሆናቸው የጎረቤት ልጅ በቀን ምግብ አቅርቦ የሚያሳፍረው ሰው አይኖርም።

በበዓሉ ቀን ጉርብትናው የራሱ ሥርዓት አለው። በኢትዮጵያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ ሥጋ ቤቶችም በመስቀልና በጨረቃ ምልክት ይለያሉ። ስለዚህ ጎረቤቱን የሚጠራ ሰው ድፎ ዳቦ፣ ቡና፣ በወተት የሚዘጋጀውን ሆጃ፣ ፍራፍሬና ለስላሳ ያቀርባል። ለቅርብ ወዳጅ ሲሆን ደግሞ በጉ በእንግዳው እምነት ሰው እንዲታረድ ተደርጎ፣ በተለየ ዕቃ ይሠራለታል። ለአካባቢው አዲስ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ተማሪ «ሥጋ አልበላም» ሲባል ንቀት መስሎ እንዳይሰማው ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። በዒድ አልፈጥር ከሶላቱ በፊት ለድሆች የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር፣ በዐረፋም ከእርዱ ለችግረኛ የሚከፈለው ድርሻ ከሁሉ በላይ በዓሉን በዓል የሚያሰኙ ናቸው።

የዘመን መለወጫ ከእነዚህ ሁሉ በተለየ መልኩ የጋራ ነው። ለክርስቲያኑ የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ነው፤ ለሁሉም ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት፣ የመንገድ ጭቃ የሚደርቅበት ጊዜ ነው። በጨርጨር ገበሬ ዓይን ግን የመስከረም ደስታ ግማሽ ነው፤ ማሽላው ገና አልታጨደም፤ የቀድሞው ጎተራም አልቋል። ለእርሱ እውነተኛው የጥጋብ ወቅት ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣው የአጨዳ ጊዜ ነው።

በበዓል ቀን ስለሚሠሩ ሰዎች

ጫት ተቀጥፎ የሚያድር ሸቀጥ አይደለም። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዋጋውን ያጣል። በመሆኑም በምዕራብ ሐረርጌ ቀጣፊው፣ አሳሪው፣ ጫኙና ሾፌሩ በዒድም በፋሲካም ሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። የሆቴል አስተናጋጆች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የጤና ባለሙያዎችም እንዲሁ ናቸው። የሠራተኞች ቀን በሚከበርበት ሚያዝያ 23 እንኳ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ አይቀርም። የእነዚህን ሰዎች መብት የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

በአዋጁ መሠረት በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ቀን ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስም። በቀን ወይም በሥራ መጠን የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል ቀን የሚኖረው ክፍያ ግን በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የሚወሰን ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሲቀጠር ይህን አስቀድሞ ጠይቆ መስማማት ይኖርበታል። በበዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛ ሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል። በበዓል ቀን የተሠራው ሥራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከሆነ ስሌቱ በሁለት ተኩል ይሆናል። ሁለት በዓላት በአንድ ቀን ቢውሉ ወይም በዓሉ በሳምንት የዕረፍት ቀን ላይ ቢያርፍ፣ በ2014 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን በእሑድ እንደዋለው ማለት ነው፣ በዚያ ቀን የሠራ ሠራተኛ የሚያገኘው አንዱን ክፍያ ብቻ ነው።

የሥራ ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብትን አያስቀርም። ውሉ በቃል የተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መጠየቅ ከሚገባበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የይርጋው የመጨረሻ ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ያበቃል። በፋሲካ ዕለት ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው «ለመስቀል ይከፈለኛል» እያለ ቢቆይ ጊዜው ሊያጥርበት ስለሚችል፣ የሠራባቸውን ቀናትና ሰዓታት በማስታወሻ ይዞ በከተማው ወይም በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት በጊዜ ማመልከት ይኖርበታል።

ለተገልጋዮች

የመታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ፣ የግብር፣ የመሬትና የፍርድ ቤት መዝገብ አገልግሎቶች በሕዝብ በዓላት አይሰጡም። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ፖሊስና የእሳት አደጋ አገልግሎት አይቋረጡም። ከመቻራ፣ ከገለምሶ ወይም ከሌላ ራቅ ካለ ከተማ ወደ ጭሮ ለጉዳይ የሚመጣ ሰው በዒድ ሰሞን ቀጠሮውን ከሚጠበቀው ዕለት አንድ ቀን ቀደም ወይም ሁለት ቀን ዘግየት ማድረጉ ከትርፍ ጉዞ ያድነዋል። በበዓል ዋዜማ መሥሪያ ቤቶች እስከ መደበኛው የሥራ ሰዓት ማብቂያ የሚያገለግሉ ቢሆንም ወረፋው ስለሚበዛ ጠዋት መገኘት ይመረጣል።

በዋዜማ ቀናት በመናኸሪያ ከታሪፍ በላይ የተጠየቀ ተሳፋሪ የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር፣ የተነሣበትን ሰዓትና የተጠየቀውን ገንዘብ መዝግቦ ለመናኸሪያው አስተባባሪ ወይም ለትራፊክ ፖሊስ ማሳወቅ ይችላል። በሸቀጥ ዋጋና በሚዛን ላይ የሚነሣ ቅሬታ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ ደረሰኝ ይዞ መቅረብ ጉዳዩን ያፋጥናል። ለደመራ፣ ለጥምቀት ከተራ ወይም ለዒድ ሶላት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ የሚወላድ እናት ወይም ድንገተኛ ሕመምተኛ የያዘ ተሽከርካሪ ለጸጥታ አስከባሪ ሲያሳውቅ መንገድ ይከፈትለታል፤ አማራጭ መንገዱንም በዋዜማው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።